መምህር አስናቀና ቅጥር ሽማግሌዎች

መምህር አስናቀ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጄ ሰብለ ናት። "አባባ፣ ቁጭ ብለዋል?" ብላ ጀመረች። በዚህ የሚጀመር ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ዕድሜ አስተምሮኛልና ቆሜ ሰማኋት። ከዚያ በረንዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ለምሳ ደጋግማ ጠርታኝ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው።

እኔ ሰው አወድሼ የምጠግብ ዓይነት አይደለሁም። ልጆቼ ይመሰክራሉ፤ አንደኛ ወጥቶ ቤት ለገባ ልጅ "በሚቀጥለውም ድገመው" ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ውዳሴ ሰውን ያበላሻል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ብዙውን ጊዜ አምናለሁ። ስለ መምህር አስናቀ ግን ሳልናገር ብሞት በደል ይሆንብኛል።

አናጢ ነኝ። የትምህርት ቤት ወንበር ሠርቼ አውቃለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ፊደል የለየሁት ምስማር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የሚያነብ ሰው ባገኘሁ ቁጥር "ይህቺ ማን ትባላለች?" እያልኩ። እንዲህ ለቅሜ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ በትምህርት የሚቀልድ ሰው አልወድም። በዚያ ላይ ዘመኑ ደርግ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀ ወንድ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰብለ ሴት ብትሆንም፣ ልጅን በዚያ ዓመት ከመጽሐፍ ማራቅ ለእኔ ወንጀል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከደብተሯ ጋር የተጠቀለለ የበግ ጠጉር አገኘሁ።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጢም ነው፣ አባባ።"

"የማን ጢም?"

"የእኔ።"

በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ የማይርቅ ትምህርት ቤት ነበር፤ ገርጂ ካለው ቤቴ በእርሻ መካከል አቋርጬ ነው የምደርሰው። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎች ይጯጯሃሉ፤ አንድ ቀጠን ያሉ ሰው ደግሞ ለመድረኩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። የአማርኛ አስተማሪው መምህር አስናቀ እኒህ ነበሩ። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ሰብለ የእኔ ልጅ ናት" አልኳቸው። "የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ ጢም እንድታበቅል አይደለም።"

"ልክ ነዎት" አሉ ሳይቆጡ። "ጢሙም ገና አልያዘም፤ እየወደቀ አስቸግሮናል።"

"ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"ይውሰዷት። ብቻ ከመሄድዎ በፊት እዚህ አግዳሚ ላይ ይቀመጡና አንዱን ትዕይንት ይዩልኝ።"

ተቀመጥኩ። ቴአትሩ "ቅጥር ሽማግሌዎች" ይባላል። ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌለው ጎረምሳ ሚስት ሊያገባ ይፈልጋል፤ የሚልከው ሽማግሌ ስለሌለው ከጠላ ቤት ሦስት ሰዎች ይቀጥራል። ቅጥሮቹ ከልጅቷ አባት ቤት ደርሰው በር ላይ "ማን ይቅደም፣ ማን ታላቅ ነው?" ተባብለው ይጣላሉ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ምግቡ ሲመጣ የመጡበትን ጉዳይ ይረሱታል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሰብለ ነበረች። ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ አመልካች ጣቷን ጉልበቷ ላይ እየመታች "ነገሩ እንዲህ ነው" ትላለች። ልጆቹ በሳቅ ይወድቃሉ። እኔ አልገባኝም ነበር። ጉሮሮ መጥረጉም፣ ጣቱም፣ "ነገሩ እንዲህ ነው"ም የእኔ መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አልሳቅሁም።

መምህሩ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። "አንድም ቦታ?"

"አንድም ቦታ።"

"እንግዲያው ይውሰዷት" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ነገ ግን ብቻዎን ቢሆንም ይምጡልኝ፣ አቶ ደምሴ። ሌላው ወላጅ ልጁ ስለሆነ ብቻ ይስቃል። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ።"

እኔን በገንዘብም በልመናም ማንም አላሸነፈኝም። እውነት ትናገራለህ ያለኝ ሰው ግን ያሸንፈኛል። በማግስቱ ሄድኩ፤ ሰብለንም ይዣት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ ያቺ አግዳሚ የእኔ ሆነች። ለመድረኩ የሚሆን በርም ሠራሁላቸው፤ ሽማግሌዎቹ የሚጣሉበትን። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቆሙበትን ምክንያትም ተረዳሁ። የሚያዳምጡት ተዋናዮቹን ሳይሆን የተቀመጠውን ሰው ነበር። እኔ ጣውላ በጣቴ አንጓ መትቼ ውስጡ የበሰበሰ መሆን አለመሆኑን በድምፁ እለያለሁ፤ እሳቸው ሳቅን እንዲያ ይለዩ ነበር። "ይሄኛው ለጓደኛው ብሎ ነው የሳቀው" ይላሉ። "ያችኛዋ ቀድማ ሳቀች፤ ቀልዱን ታውቀዋለች።" ተማሪዎቹንም "ሳቅ አትለምኑ" ይሏቸው ነበር። "የተለመነ ሳቅ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያሳፍራል።" አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሌሎቹ አስተማሪዎች ከጩኸቱ ጋር ይታገላሉ፤ መምህር አስናቀ ግን ልጆቹን "እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ዝም ብላችሁ አሳልፉት" እያሉ አስለምደዋቸዋል። በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን ወታደር የሚያመላልሱት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በዝተው ነበርና ልጆቹ ብዙ ጊዜ እጃቸውን እንዳነሡ ደርቀው ይቆማሉ።

ሰውየው ፈሪ አልነበሩም፤ ደፋር ነኝም አይሉም። የቀበሌው ካድሬ ጽሑፉን አይቶ ካልፈቀደ ቴአትር አይታይም ነበር። መጥቶ አንድ ልምምድ ካየ በኋላ "መምህር፣ የእነዚህ ሽማግሌዎች መደብ ምንድን ነው?" አላቸው።

"የራባቸው ሰዎች ናቸው፣ ጓድ።"

ካድሬው ትንሽ አሰበ። "ጥሩ። መጨረሻ ላይ ግን ስለ ምርት አንድ ነገር ይበሉ።"

"ይበላሉ፣ ጓድ። መጨረሻ ላይ የሚሠሩት እሱኑ ነው።"

ካድሬው ራሱ ሳቀ። መምህር አስናቀ ወደ እኔ ዞረው "ይሄ እውነተኛ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ሚስታቸው የሞቱት ልጃቸው ብሩክ ገና እንጭጭ ሳለ ነው። ሌላ አላገቡም። ብሩክን አጥበው፣ አብልተው፣ አስተምረው አሳደጉት፤ ፈተናው ሳይሳካለት ቀረና ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ስለ እሱ የሚናገሩት በሥራ መካከል ነው። "እዚህ ጋ ፋታ ስጡ" ይሏቸዋል ልጆቹን። "ብሩክ ሳቁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ ሲጨርስ እሱ ይጀምራል። ሲመለስ ትደግሙለታላችሁ፤ ያኔ ቦታ እንዳያጣ።" ልጆቹም ለሌለ ሰው ፋታ ይሰጣሉ። እኔ ይህን ሳይ እንደ ሞኝነት ቆጥሬው ነበር።

ቴአትሩ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሰፈራችን የዘመተ አንድ ወታደር ቆስሎ ተመለሰ። ከብሩክ ጋር አብሮ ነበር። ያየውን ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ዘለቀ ነገራቸው። ብሩክ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል።

አቶ ዘለቀ እኔንና ቄሱን አባ ገብረ ሥላሴን ቤታቸው ጠሩን።

"አሁኑኑ እንሂድና ይነገር" አልኩ። "የራሱን ልጅ ሞት ከአባት መደበቅ ምን የሚሉት ነው?"

"ያለ ወገን መርዶ አይነገርም" አሉ አባ። "እህታቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። ሰው ተልኮባቸዋል፤ ቅዳሜ ወደ ማታ ይደርሳሉ። እሑድ ማለዳ እንነግራቸዋለን፤ ደንቡም ይኸው ነው።"

"ቅዳሜ ከሰዓት ቴአትሩ አለ። ሳያውቁ ሊያስቁን ነው?"

አቶ ዘለቀ ጣልቃ ገቡ። "ደምሴ፣ ልጁ እንደሆን አይቸኩል። አባትየው ግን ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ቀን አያገኙም። አንዲቱን ቀን እንተውላቸው።"

ሁለት ለአንድ ሆኑብኝና ተረታሁ። ትክክል አልነበሩም ለማለት ዛሬም አልደፍርም።

የእኛ አገር ሰው መርዶ ሲያቆይ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። አገር ይሰማዋል፤ ባለቤቱ ብቻ አይሰማውም። እስከ ቅዳሜ ድረስ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ከልጆቹ ግን ደበቅን፤ ልጅ ፊቱን መግዛት አይችልም። ሰላምታ በዛ። ባለ ሱቁ መምህሩን ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሴቶቹ ስለ ጤናቸው ደጋግመው ይጠይቃሉ። እሳቸው የቴአትሩ ነገር መስሏቸው "የዘንድሮ ወላጅ ጉጉቱ" እያሉ ይገረማሉ። እኔ የመድረኩን በር በሰው ላክሁት እንጂ ራሴ አልሄድኩም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እኔ፣ አቶ ዘለቀና አባ ገብረ ሥላሴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መምህር አስናቀ የተተኮሰውን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከአንሶላ ከተሠራው መጋረጃ ጎን ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ቆሙ። ቴአትሩ ተጀመረ።

ማንም አልሳቀም።

ጎረምሳው ጠላ ቤት ገብቶ በሽማግሌ ዋጋ ሲከራከር፣ በልምምድ ጊዜ ዘበኛው ሳይቀር የሚንፈራፈርበት ቦታ ላይ፣ የአዳራሹ ሰው አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሁለተኛውን ሽማግሌ የሚጫወተው መክብብ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ሳቅ ሊለምን ነው። ሰብለ ከጢሟ ውስጥ ወደ እኛ አየች። ያን ዓይኗን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቷ ገበያ መካከል እጄ ያመለጣት ቀን እንደዚያ ነበር የምታየው። መምህሩ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። የደከሙበት ሥራ ዓይናቸው ሥር እየሞተ መሰላቸው። ያን አንድ ቀን ልንተውላቸው ብለን እኛው እየቀማናቸው ነበር።

ሰብለ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጣቷን ጉልበቷ ላይ መታች። "ነገሩ እንዲህ ነው" አለች።

ሳቅሁ።

ከት ብዬ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ስቄ በማላውቀው አሳሳቅ። አቶ ዘለቀ በድንጋጤ አዩኝ፤ ከዚያ ገባቸውና እሳቸውም ሳቁ። ሰው ሁሉ ፈቃድ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል አዳራሹ ተንጫጫ። ልጆቹ ነፍስ ዘሩ። ከዚያ ወዲያማ ማቆም አልቻልንም። በሚያስቀውም በማያስቀውም ሳቅን፤ ቀልዱ ሳይደርስ ሳቅን፤ ልጅቷ ለአባቷ ውኃ ስታቀርብ ሳቅን። አውሮፕላን ሲመጣ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠበቁ፤ እኛ ግን በጩኸቱ ውስጥ መሳቃችንን ቀጠልን። አጠገቤ ያለችው ሴት እንባዋ እየወረደ ነበር የምትስቀው።

መምህር አስናቀ ዓይናቸውን ገለጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። በአግዳሚዎቹ ላይ ቀስ ብለው አዩ፤ መጨረሻ እኔ ላይ ደረሱ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ መዝጋት አልቻልኩም። ከእኔ ወደ አቶ ዘለቀ፣ ከአቶ ዘለቀ ወደ አባ ገብረ ሥላሴ መስቀል በዓይናቸው ሄዱ። ሦስታችን ለምን አብረን እንደተቀመጥን ከማንም አልጠየቁም። እጃቸው መጋረጃውን ሲይዝ አየሁ። ከዚያም ተመልሰው ጀርባቸውን ሰጡን፤ ቴአትሩ እስኪያልቅም እንዲሁ ቆሙ።

ሲያልቅ ልጆቹ ጎትተው መድረክ ላይ አወጧቸው። እጅ ነሡ። ወላጁ አጨበጨበና ፊታቸውን ላለማየት እየተጋፋ ወጣ። እሳቸው ልጆቹን "ልብሱን አጣጥፉ፤ ጢሙ የበግ ነው፤ ቢበላሽ በጉን አታገኙትም" ብለው ወደ ጓዳ ሸኟቸው። ሦስታችን ብቻ ቀረን። መጥተው ፊቴ ቆሙ።

"አቶ ደምሴ፣ እርስዎ አይስቁም።"

ከአግዳሚው ተነሣሁ።

"ብሩክ ነው?"

አባ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሳቸው ግን የጠየቁት እኔን ነበር።

"አዎ" አልኩ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬቱን አዩ። ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ ብለን ልንደግፋቸው ተጠጋን። ከጓዳው የልጆቹ ሁካታ ይሰማል፤ መክብብ የሰብለን ጢም ቀምቶ እያስለቀሳት ይመስለኛል።

"ልጆቹ ሰምተዋል?" አሉ።

"አልሰሙም።"

"ዛሬን አይስሙ። እነዚህ ወንዶች ልጆች በሚመጣው ዓመት የት እንደሚሆኑ እናውቃለን። ዛሬ የእነሱ ነው።"

ትምህርት ቤቱ ለተዋናዮቹ ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ ነበር። ገብተው መካከላቸው ተቀመጡ። እኔ ልጄን ይዤ ለመሄድ እንደሚጠብቅ አባት በር ላይ ቆምኩ። "ሰብለ፣ ከበሩ ስትገቢ ቸኮልሽ" አሏት። "ሙሽራው፣ አንተ ደግሞ የጠላ ቤቱን ሂሳብ ሳትከፍል ወጣህ።" መክብብ ካድሬውን ሲያስመስል ሳቁ። ከልጆቹ ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ሳቅን እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሳቅም ያውቃልና። ብርጭቋቸው ሲጎድል ሰብለ ሞላችላቸው። "ተባረኪ" አሏት፤ ጠጡትም።

እሑድ ማለዳ እንደ ደንቡ ሄድን። እህታቸው ደርሰዋል። መምህሩ በሩን ከፍተው ሲቀበሉን ለብሰው ነበር፤ ወንበሮቹም ተደርድረዋል። እንደ እንግዳ ሆነን ቆምን።

"ተቀመጡ" አሉ። "ንገሩኝ።"

አቶ ዘለቀ ግራ ገባቸው። "መምህር፣ ትናንት እኮ..."

"ትናንት ሥራ ላይ ነበርኩ" አሉ። "ልጄ መርዶ ሳይነገርለት አይቅር። እንደ ሰው ልጅ ይነገርለት።"

አባ ገብረ ሥላሴ ተነሥተው ከአዳም ጀምረው፣ የሚባለውን ሁሉ ብለው ነገሯቸው። ያኔ ጮኹ። ያን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ቴአትር አልሠሩም። ጡረታ እስኪወጡ ሰዋስው አስተማሩ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይጠይቃቸዋል፤ "አሁን ጆሮዬ አይሰማም" ይላሉ፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሣንም።

ባለፈው ሳምንት ሳሊተ ምሕረት ቀበርናቸው። ያ ሁሉ ተማሪ ሸብቶ መጣ። መክብብ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ተወስዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ድንኳን ውስጥ አብረው ተቀምጠው ስለ ቴአትሩ ሲያወሩ ሰብለ፣ "ምስኪን ቲቸር፣ እሑድ ሊረዳ ቅዳሜን ከእኛ ጋር ከልቡ ስቆ ዋለ። እኔ ሁልጊዜ የምጽናናው በዚህ ነው" አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ዞራ "አይደል፣ አባባ?" አለችኝ።

ለቅሶ ቤት ነበርና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን ልማዴ አይደለም። እሳቸው "ዛሬን አይስሙ" ያሉት ለአንድ ቀን ነበር፤ እኔ ዕድሜ ልካቸውን ጠበቅሁላቸው። አሁን እሳቸውም የሉም፣ መክብብም የለም። የተረፉት፣ ያን ቀን መካከላቸው የተቀመጠው ሰው ምን እንደሰጣቸው ማወቅ አለባቸው።

ሰብለ፣ ያን ሻይ ስትቀጂላቸው ያውቁ ነበር።